ሳትሸወዱ የድሮ የጠላቂ ሰዓት ለመግዛት

የድሮ የሮሌክስ ሰብማሪነር ወይም የድሮ የኦሜጋ ሲማስተር 300 መግዛት ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኦሪጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው፣ ግን አይበቃም። ከላይ እስከ ታች ፎርጅድ የሆነውን ትንሽ ያነበበ ሰው ይለየዋል። ገንዘብ የሚበላው ሌላኛው ነው። ቀፎው የእውነት፣ ማሽኑም የእውነት፣ ፊቱ ግን ከሌላ ሰዓት የመጣ፣ ጠቋሚዎቹ ባለፈው ዓመት ቀለም የተቀቡ፣ የጀርባ ክዳኑ ደግሞ ከሦስተኛ ሰዓት የተነቀለ። ሻጩ «ሁሉም ኦሪጅናል ክፍል ነው» ብሎ ቢምልላችሁ አልዋሸም። አብረው ከፋብሪካ የወጡ፣ አብረው ያረጁ ግን አይደሉም።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመጣል። እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ዕድሜውን ጠይቁት። ከዚያ የሁሉም መልስ ይገጥማል ወይ ብላችሁ እዩ። የ1966 ቀፎ፣ የ1966 ፊት፣ የ1966 ክዳን ከሆነ ጥሩ። አንዱ 1966 ሌላው 1982 ካለ ማብራሪያ ያስፈልገዋል፣ ዋጋውም መውረድ አለበት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንዱን ምረጡ

«የድሮ የጠላቂ ሰዓት» በሚል ሐሳብ ብቻ ገበያ አትውጡ። ዓለሙ ሰፊ ነው። ብላንፓ ፊፍቲ ፋተምስን ያወጣው በ1953 ነው፤ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ጠላቂ ተዋጊዎች የነበሩት ሮቤር ማሉቢዬና ክሎድ ሪፎ የሚፈልጉትን ሰዓት ዘርዝረው የሚሠራላቸው ሲያፈላልጉ ነው ነገሩ የተገጣጠመው። ሮሌክስም በዚያው በ1953 ሰብማሪነርን ጀመረ። የቱዶር ሰብማሪነር በ1954፣ የኦሜጋ ሲማስተር 300 በ1957፣ የሴይኮ የመጀመሪያው የጠላቂ ሰዓት በ1965፣ ባለ ብርቱካን ፊቱ ዶክሳ ሰብ 300 በ1967 መጡ።

ከእነዚህ ውስጥ አንድ ሞዴል ቁጥር ምረጡና እሱን ብቻ ተማሩ። «ሰብማሪነር» ብቻ አትበሉ፤ «5513» በሉ። አንዱ ሞዴል ራሱ በየጥቂት ዓመቱ ፊቱ፣ ጽሑፉ፣ ቀለሙ ተቀያይሯል። አሥር ሞዴል በግማሽ ከማወቅ አንዱን እስከ ጥፍሩ ማወቅ ይሻላል።

እኔን ከጠየቃችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው 5513ን ቢያጠና ይሻለዋል። ከ1962 ጀምሮ ከ25 ዓመት በላይ ስለተሠራ ብዙ አለ፣ ብዙም ተጽፎበታል፣ ለማወዳደሪያ የሚሆን ፎቶ አይጠፋም። በእጅ አድርጎ ኑሮውን መኖር የሚፈልግ ደግሞ ሌላውን ሰብማሪነር፣ 16800ን ይይ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የመጣ ነው። መስታወቱ ሳፋየር (በቀላሉ የማይጫር) ነው፣ ጥልቀቱ 300 ሜትር ነው፣ በፊቱ ዙሪያ ያለው ቀለበት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚዞረው። ፊቱ ግን አሁንም የድሮ ወዝ አለው። ሰው ብዙም አላንጫጫበትም እንጂ እኔ እወደዋለሁ።

ለጀማሪ የማልመክረው ደግሞ የወታደር ሰዓት ነው። የእንግሊዝ ጦር ሰብማሪነር 5517፣ ለፈረንሳዩ የጠላቂዎች ድርጅት ለኮሜክስ የተሠሩት፣ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የቀረበው ቶርኔክ ሬይቪል። ጥቂት ናቸው፣ ዋጋቸው ሰማይ ነው፣ ለዚህም ነው አጭበርባሪው ሁሉ እነሱ ላይ የሚሠራው። ጀርባ ላይ የወታደር ቁጥር መቅረጽ ከባድ ሥራ አይደለም። ቀጥ ያለ የሰነድ ማስረጃና በዚያ ሞዴል ስሙ የታወቀ ባለሙያ ከሌለ እለፉት።

ፊቱ፦ ዋጋው ያለው እዚህ ነው

የድሮ ሰዓት ዋጋ ግማሹ፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ፣ ፊቱ ላይ ነው። ስለዚህ ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ። 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ ያዙ። ሰዓቱ ሩቅ ካለ ሻጩን በቀን ብርሃን፣ ፊት ለፊትና ከጎን፣ በቅርብ የተነሳ ፎቶ ጠይቁት። «ካሜራዬ ጥሩ አይደለም» የሚል ሻጭ በዚህ ዘመን ያስቃል።

መጀመሪያ ከታች፣ ከ6 ሰዓት ምልክት ሥር ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። እዚያ ላይ «ስዊስ» የሚል አለ። ከጎኑ የላቲን ፊደሏ «ቲ» ካለች ወይም «ቲ<25» ከተባለ በጨለማ የሚያበራው ቀለም ትሪቲየም ነው ማለት ነው፤ መጠኑም ከ25 ሚሊኪዩሪ (የጨረር መጠን የሚለካበት ነው) በታች ነው ማለቱ ነው። ትሪቲየም ከ1960ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው ያገለገለው። ከዚያ በፊት የነበረው ራዲየም ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሮሌክስ በ1998 አካባቢ ወደ ሉሚኖቫ ዞረ፤ ሉሚኖቫ ጨረር የለውም።

አሁን ይህን ይዛችሁ አስቡት። የ1972 ነው የተባለ 5513 ቀረበላችሁ እንበል። ፊቱ ላይ ያለ ምንም «ቲ» «ስዊስ» ብቻ ይላል። ወይም «ስዊስ ሜድ» ይላል። ፊቱ ንጹሕ ነው፣ ነጥቦቹ ነጭ ናቸው። ምን ሆነ? ሰዓቱ ለእድሳት ሲገባ ኩባንያው ራሱ የድሮውን ፊት አንስቶ አዲስ አስገብቶለታል። ፊቱ የሮሌክስ ነው፣ ፎርጅድ አይደለም። የ1972 ግን አይደለም። ሰብሳቢ ለእንዲህ ዓይነቱ ፊት የሚከፍለው በጣም ያነሰ ነው። ሻጩ ነግሯችሁ፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ አውርዶ ከሆነ ችግር የለውም፤ እንዲያውም በየቀኑ ለሚያደርግ ሰው አሪፍ ግዢ ሊሆን ይችላል። ሳይነግራችሁ ሙሉ ዋጋ ከጠየቀ ግን ወይ አያውቅም ወይ አውቆ ነው። ሁለቱም ደስ አይልም።

ከዚያ ጽሑፉን እዩ። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ትንሽ አለፍ ብሎ ድረስ የሰብማሪነር ፊት የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሲሆን ጽሑፉ ወርቃማ ነበር። ያ ወርቃማ ቀለም ከላይ የታተመ አይደለም። ፊቱ የተሠራበት የናስ ሳህን ራሱ ነው፤ ጥቁሩ ሲለበጥ የፊደሎቹ ቦታ ብቻ ሳይሸፈን ቀርቶ ነው የሚታየው። ስለዚህ በማጉያ ስታዩት ፊደሉ ከጥቁሩ ዝቅ ብሎ፣ ገባ ብሎ ይታያል። ፎርጅድ ወይም እንደገና የተሳለ ፊት ላይ ግን ወርቃማው ፊደል ከላይ ጉብ ብሎ ተቀምጧል። ጥልቀቱ የተጻፈበት መስመር በብርማ ቀለም ከላይ የታተመባቸው ፊቶች ስላሉ በዚያ አትደናገጡ። ስሙንና የሮሌክስ ምልክት የሆነውን ዘውድ ነው የምታዩት።

በ1967 አካባቢ ፊቱ ወደ ደብዛዛ ጥቁር፣ ጽሑፉ ወደ ነጭ ተቀየረ። መጀመሪያ ላይ ሜትሩ ቀድሞ «200 ሜትር = 660 ጫማ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። በ1960ዎቹ ማብቂያ ጫማው ቀደመ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ቀፎው 1978 የሚል ሰዓት ላይ ሜትር ቀዳሚ ፊት ካያችሁ አንድ ሰው አንድ ነገር ቀይሯል። ቀፎው ላይ ያለው ቁጥርና ፊቱ ሲጣሉ የምትይዟቸው በእንዲህ ያለ ነገር ነው።

እንደገና የተሳለ ፊትን የሚያሳብቀው ደግሞ እጅ ነው። ፊደሎቹ ወፍራም ይሆናሉ፣ የፊደል ጫፎች ይድበሰበሳሉ፣ የደቂቃ መስመሮቹ ከጠርዙ ያላቸው ርቀት አንዱ ጋ ሰፋ ሌላው ጋ ጠበብ ይላል። ዘውዱ እግሩ የተንጋደደ ይሆናል። ከአንድ የታወቀ ጥሩ ሰዓት ፎቶ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አወዳድሩ። አሰልቺ ነው፣ ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

የሚያበራው ቀለም የማይዋሸው ነገር

ትሪቲየም ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 12.3 ዓመት ገደማ ነው። የ1970 ሰዓት ላይ ያለው ዛሬ ከመጀመሪያው አሥር በመቶውም አልቀረም። በዚያ ላይ አብሮት ያለው የሚያበራ ውሕድም አርጅቷል። ስለዚህ የድሮ ትሪቲየም ሌሊት አያበራም። ማብራት የለበትም።

አንድ ትንሽ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ግዙ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊቱ ላይ አብሩና አጥፉ። እውነተኛው አሮጌ ትሪቲየም ብርሃኑ ሲያርፍበት ደብዘዝ ብሎ ይነቃል፣ ስታጠፉት በሰከንዶች ውስጥ ይሞታል። ፈካ ያለ አረንጓዴ ሆኖ ደቂቃዎች ከቆየ ቀለሙ አዲስ ነው። ሰው ቀብቶታል።

ቀጥሎ የነጥቦቹንና የጠቋሚዎቹን ቀለም አስተያዩ። ፊቱ ላይ ያሉት ነጥቦች እንደ ማር ቢጫ ሆነው ጠቋሚዎቹ ነጭ ከሆኑ ጠቋሚዎቹ ተቀይረዋል። ፍጹም አንድ ዓይነት ሆነውም ደግሞ መጠርጠር ነው፤ ሆን ብሎ «ያረጀ» ቀለም ቀላቅሎ የሚቀባ ባለእጅ ሞልቷል። ትክክለኛው በአብዛኛው ተቀራራቢ ነው፤ አንዱ ትንሽ ጠቆር ሌላው ትንሽ ሳሳ ይላል። ዋናው ሁለቱም ለብርሃኑ የሚሰጡት ምላሽ አንድ መሆኑ ነው። ነጥቡ ሞቶ ጠቋሚው አምፖል ከሆነ ነገሩ አለቀ።

ስለ ራዲየም አንድ ቁምነገር። የራዲየም ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ገደማ ነው። ቀለሙ ማብራት ቢያቆምም ጨረሩ ግን አለ። ሰዓቱን በክዳኑ እንደተዘጋ ማየት ሌላ፣ ከፍቶ ቀለሙን መፋቅ ሌላ። ዱቄቱ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። እቤታችሁ አትክፈቱት፤ የሚከፍተውም ሰዓት ሰሪ ራዲየም መሆኑን ይወቅ። የጨረር መለኪያ ካላችሁ ለመለያም ይጠቅማል፦ ራዲየም በመስታወቱ በኩል ያስጮኸዋል፣ የትሪቲየም ጨረር ግን በጣም ደካማ ስለሆነ መስታወቱን አያልፍም። «ቲ<25» የተጻፈበት ፊት መለኪያውን ካንጫጫው ቢያንስ ጥያቄ አለ።

ቀፎው

እዚህ ጠላታችን ሞረድ ነው። ሰዓቱ በታደሰ ቁጥር «ላሳምርልህ» እየተባለ ይሞረዳል፣ በየጊዜውም ብረቱ ይሳሳል። ማሰሪያው የሚያዝባቸውን አራቱን ጆሮዎች ከላይ እዩ። ወፍራም ናቸው? እኩል ናቸው? ጠርዛቸው ስል ነው ወይስ እንደተላሰ ከረሜላ ክብ ሆኗል? በጎን ያሉት የማሰሪያ ቀዳዳዎች ወደ ጠርዙ በጣም ከቀረቡ ብዙ ብረት ሄዷል። መሙያውን ከሁለት በኩል የሚጠብቁት ጉብታዎችም አንዱ ቀጭን ሌላው ወፍራም ከሆነ እንዲሁ።

ጭረት አያስደንግጣችሁ። ጭረት ያለበት ወፍራም ቀፎ መስታወት ከመሰለ ቀጭን ቀፎ በብዙ ይበልጣል። ይህን ጀማሪ ሁሉ ተገልብጦ ነው የሚያየው። የጠላቂ ሰዓት ነው፣ ድንጋይ መትቶት ይሆናል፣ የጠላቂው የአየር ሲሊንደር መትቶት ይሆናል። የ60 ዓመት ሼባ ፊቱ እንደ ሕፃን ከሆነ አንድ ነገር ተደርጓል።

አሁን ቁጥሮቹ። በድሮ ሮሌክስ ሰንሰለቱን ማውለቅ ግድ ነው። በ12 ሰዓት በኩል፣ በጆሮዎቹ መሃል፣ የሞዴል ቁጥሩ አለ። በ6 ሰዓት በኩል የተሠራበትን ዓመት የሚጠቁመው የተከታታይ ቁጥሩ። እውነተኛው ቁጥር በስል መሣሪያ የተቆረጠ ነው፤ ማጉያ ውስጥ ጠርዙ ንጹሕ ሆኖ ብርሃን ሲመታው ያብለጨልጫል። በአሲድ የተበላ ከሆነ ወለሉ ነጠብጣብ፣ አሸዋ የመሰለ ይሆናል፤ እሱን ተጠራጠሩ። የተፋቀ፣ በከፊል የጠፋ ወይም ደግሞ የተቀረጸ ቁጥር ካያችሁ ምክንያቱ ምንም ይሁን ትታችሁ ውጡ። ሰዓቱ ተሰርቆም ይሆናል። ከ1987 በፊት ቁጥሩ አኃዝ ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ፊደል ከፊቱ መጣ። የ1975 ነው በተባለ ሰዓት ላይ ከፊት ፊደል ካለ ሒሳቡ አልገጠመም።

«ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» ይባል የለ፤ ክዳኑን አስከፍቱ። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሮሌክስ በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተሠራበትን ሩብ ዓመት በሮማውያን ቁጥር፣ ዓመቱንም ከአጠገቡ ይመታ ነበር። ሦስተኛው ሩብ፣ 66 ካለ፣ የቀፎው ቁጥርና ፊቱ ከዚያ ብዙ መራቅ የለባቸውም። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ 5513 ሰዓት ክዳኑ ውስጥ «5512» ተመትቶበት ሊገኝ ይችላል። ሁለቱ ሞዴሎች አንድ ዓይነት ክዳን ስለሚጋሩ ነው። ይህን ሳያውቅ ጥሩ ሰዓት ጥሎ የሄደ ብዙ ነው። በአንጻሩ የሮሌክስ ሌላው የጠላቂ ሰዓት፣ የድሮው ሲ-ድዌለር 1665 ላይ የቀፎው ተከታታይ ቁጥር የመጨረሻ አኃዞች ክዳኑ ውስጥ ተቀርጸው ይገኛሉ፣ ስለዚህ ክዳን መቀየሩ ወዲያው ይታወቃል።

በኦሜጋ ነገሩ ይለያል። የሞዴል ቁጥሩ ክዳኑ ውስጥ ነው፣ ተከታታይ ቁጥሩ ደግሞ ማሽኑ ላይ። ሳትከፍቱ ኦሜጋ አትግዙ። በተለይ 165.024 የሚባለው ሲማስተር 300 ላይ ጠንቀቅ በሉ። ከመለዋወጫ ብቻ ተገጣጥሞ የተሸጠ፣ ፊቱና ጠቋሚው ትናንት የተመረተ ብዙ አለ። ይህ ሞዴል ሲያምር ሳይሆን ሲያረጅ ነው የሚታመነው።

ማሽኑ

ማሽኑን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሦስት ነገር ተመልከቱ። መጀመሪያ ቁጥሩ ለሞዴሉ ልክ ነው ወይ? 5513 ውስጥ 1520 ወይም 1530 ነው የሚጠበቀው። ቀን የሚያሳየው ሰብማሪነር 1680 ውስጥ የ1570 ቤተሰብ። ቱዶር ከፍታችሁ «ኢቲኤ» የሚል ማሽን ብታገኙ አትደንግጡ፤ ቱዶር ቀፎውንና መሙያውን ከሮሌክስ እየወሰደ ማሽኑን ከሌላ ፋብሪካ ነበር የሚያስገባው። መሙያው ላይ የሮሌክስ ዘውድ ቢኖርም እንዲሁ ነው። ትክክል ነው።

ሁለተኛ ዝገት። ውኃ የገባበት ማሽን ብሎኖቹ ጫፍ ላይና በመሙያው ዘንግ አካባቢ ቡናማ ዱካ ይተዋል። ሦስተኛ የብሎኖቹ ራስ። የተፋፋቀና የተበላሸ ከሆነ ቀሽም እጅ ገብቶበታል።

ከዚያ ሰዓት ሰሪው መለኪያ ማሽን ላይ ያስቀምጠው። የ1520 ወይም የ1570 ማሽን በሰዓት 19,800 ጊዜ ይመታል፣ 1530 ደግሞ 18,000፤ በ16800 ውስጥ ያለው 3035 ግን 28,800 ነው። በማሽኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው ጎማ የሚሄደው ስፋት ሰዓቱ ሙሉ ተሞልቶ 250 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በላይ ከሆነ ጤነኛ ነው። ከ200 በታች ከወረደ እድሳት ይፈልጋል፣ የእድሳቱን ወጪ ዋጋው ላይ ቀንሱ። በቀን ጥቂት ሰከንድ መቅደም ወይም መዘግየት ምንም አይደለም።

ቀለበቱና ሰንሰለቱ

ቶሎ ልለፈው። ተሽከርካሪው ቀለበት ላይ ያለው ባለ ቁጥር አሉሚኒየም ፀሐይና ጨው ሲያገኘው ወደ ግራጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ይነጣል፤ ሰብሳቢዎች ይህን ይወዱታል። ስለሚወዱትም በኬሚካል ሆን ብሎ የሚያነጣው አለ። በሰው እጅ የነጣው ሁሉም ቦታ እኩል ነው፤ ፀሐይ ግን እኩል አትሠራም። የመጀመሪያዎቹ ፊፍቲ ፋተምስ ቀለበት ቤክላይት (የድሮ ፕላስቲክ ዓይነት) ነው፣ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ያለ ምንም ስንጥቅ አዲስ የመሰለ ከሆነ ምናልባት ተቀይሯል። ሰንሰለቱ ደግሞ መቆለፊያው ውስጥ ዓመቱ ተመቷል፤ በሮሌክስ ከ1976 ጀምሮ በፊደል፣ ከዚያ በፊት በቁጥር። ሰንሰለት ግን ሰው በየጊዜው የሚቀይረው ነገር ነው። ከቀፎው ጋር ካልገጠመ ዋጋ ይከራከሩበታል እንጂ ሰዓት አይጣልበትም።

ወረቀትና ተረት

ሣጥንና ወረቀት ጥሩ ነው፣ ግን ሰዓቱን አያጸድቀውም። ባዶ ሣጥን ለብቻው ይሸጣል። ባዶ የዋስትና ወረቀትም ይሸጣል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ከቀፎው ጋር አኃዝ በአኃዝ መግጠሙን እዩ፣ ቀለሙና የወረቀቱ እርጅና ያሳምናል ወይ ብላችሁ እዩ። ከሁሉ የምወደው የድሮ የእድሳት ደረሰኝ ነው። ምን እንደተቀየረ በዚያን ጊዜ፣ ለመሸጥ ሳይታሰብ የተጻፈ ነው።

«አያቴ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ፣ ከሳጥናቸው ነው ያገኘሁት» ለሚለው ሻጭ ነፍስ ይማር በሉና ወደ ማጉያችሁ ተመለሱ። ተረት ቆንጆ በሆነ ቁጥር ዋጋው የሚወጣው በተረቱ ነው። ታሪኩ እውነት ከሆነ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የአገልግሎት ወረቀት ይኖረዋል።

ትልቅ ስም ያለው ቦታ ስለተሸጠ ብቻም አትመኑ። በ2021 ጄኔቫ ላይ አንድ የ1950ዎቹ ኦሜጋ ስፒድማስተር ከ3 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ አወጣ። የጠላቂ ሰዓት አይደለም፣ ነገሩ ግን ያው ነው። በ2023 ኦሜጋ ራሱ ሰዓቱ ከተለያዩ ክፍሎች የተገጣጠመ መሆኑን ተናገረ፣ ጉዳዩ ላይም የቀድሞ ሠራተኞቹ እጅ እንዳለበት ገለጸ። ያን ያህል ገንዘብ፣ ያን ያህል ባለሙያ ባለበት አዳራሽ ይህ ከሆነ፣ እኔና እናንተ በስልክ ስክሪን ላይ አይተን «ያምራል» ብለን መክፈላችን ምን ይባላል?

ሻጩና ገንዘቡ

ሻጩን መርምሩት። ስንት ዓመት ሸጧል? የሸጣቸው ሰዓቶች ዛሬ የት አሉ፣ የገዙት ሰዎች ስሙን ሲያነሱ ምን ይላሉ? ጥያቄ ሲጠየቅ ይቆጣል? ጥሩ ሻጭ የሰዓቱን ጉድለት ሳትጠይቁት ራሱ ይነግራችኋል፦ «ጠቋሚዎቹ በእድሳት የተቀየሩ ናቸው፣ ቀፎው አንዴ ተሞርዷል» ይላችኋል። «ሁሉም መቶ በመቶ ኦሪጅናል፣ እመነኝ» ከሚለው እሱን እመርጣለሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ሰዓቱን የዛሬ ቀን በእጅ ከተጻፈበት ወረቀት ጋር አስቀምጦ ፎቶ ያንሳው፤ ከሌላ ሰው የተሰረቀ ፎቶ የሚለጥፍ ብዙ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ የውስጡን፣ የማሽኑን፣ በጆሮዎቹ መሃል ያሉትን ቁጥሮች ፎቶ ይላክ። ምን ኦሪጅናል እንደሆነ፣ ምን እንደተቀየረ በጽሑፍ ያስፍር። የራሳችሁ ሰዓት ሰሪ አይቶት ያለው ካልሆነ በስንት ቀን እንደምትመልሱ ተስማሙ። ተከታታይ ቁጥሩን የተሰረቁ ሰዓቶች መዝገብ ላይ አስፈትሹ፤ ለንደን ያለው ዘ ዎች ሬጅስተር ይህን ሥራ ይሠራል።

ለማያውቁት ሰው ገንዘብ በቀጥታ አታስገቡ። ሰዓቱ እስኪደርስ ገንዘቡን በአደራ የሚይዝ ሦስተኛ ወገን ይኑር፣ ወይም በአካል ተገናኝታችሁ ሰዓት ሰሪ ፊት ተረካከቡ። «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ዛሬ ካልከፈልክ ይሄዳል» ሲላችሁ ይሂድ በሉት። 5513 በሺዎች ነው የተሠራው። ዋጋው ከሌላው ሁሉ በግማሽ ያነሰ ከሆነም ዕድል አገኘሁ ብላችሁ አትሩጡ፤ ነጋዴዎቹ ሁሉ ካንተ በፊት አይተው ለምን እንደተዉት አስቡ።

ከገዛችሁ በኋላ

ስሙ የጠላቂ ሰዓት ነው፣ ፊቱ ላይም 200 ሜትር ይላል። ያ ቁጥር የተጻፈው ሰዓቱ አዲስ፣ ውኃ የሚከለክሉት ጎሚኒዎችም አዲስ በነበሩ ጊዜ ነው። ጎሚኒ ይደርቃል፣ የመሙያው ጥርስ ይበላል፣ የቀፎው ጠርዝ በዝገት ይቦረቦራል። በግፊት መፈተሻ ሳይፈተሽ እጅ መታጠብም ቢሆን በጥንቃቄ ነው። ፈተናው መጀመሪያ በአየር ይሁን፤ ውኃ ውስጥ አስገብቶ መፈተን የሚያፈስ ከሆነ ፊቱን ያበላሸዋል። ፈተናውን ቢያልፍም እኔ በድሮ ፊት አልዋኝም። አንዲት ጠብታ ፊቱ ላይ የምታደርሰውን ማንም አይመልሰውም፤ ለዋና ርካሽ አዲስ ሰዓት አለ።

እድሳት ስታስገቡት ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ፦ ፊቱ አይቀየር፣ ጠቋሚዎቹ አይቀየሩ፣ ቀለሙ አይነካ፣ ቀፎው አይሞረድ። ለብዙ ሰዓት ሰሪዎች ማሳመር የሥራው አካል ስለሆነ ዝም ካላችሁ ያሳምሩታል። ወደ ኩባንያው የምትልኩት ከሆነ ደግሞ ያረጀውን ክፍል አውጥተው አዲስ ሊያስገቡበት ይችላሉ፣ የወጣውንም ላይመልሱ ይችላሉ፤ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ማንኛውም የወጣ ክፍል፣ የተሰበረ ዘንግ እንኳ ቢሆን፣ በትንሽ ከረጢት ተደርጎ ከደረሰኙ ጋር ይመለስላችሁ። አንድ ቀን ልትሸጡት ስታወጡት ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።